ከብዙ ስሞች መካከል አንዱን ፈልጎ ስለ ማግኘት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ የተባለው ሰፈር፣ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ከሰንጋ በሬ ገበያ ጋር የተያያዘ ሥፍራ ነው። ዛሬ ግን በአካባቢው ሰንጋ የሚነዳ ነጋዴ አይታይም፤ በምትኩ ባንኮችና ፎቅ ቤቶች በዝተውበታል። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም ለብዙ ዘመን የሒሳብ ሠራተኞችን ሲያሠለጥን የቆየው በዚሁ ሰፈር ነው።

በ2009 ዓ.ም. የሰፈሩ ስም በከተማው ነዋሪ ሁሉ ዘንድ በሌላ ምክንያት ተነሣ። ይኸውም የ40/60 የቤት ፕሮግራም ከተባለው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሰንጋ ተራና ክራውን በተባሉት ሥፍራዎች ተሠርተው፣ 972 ቤቶች በዕጣ ስለ ወጡ ነው። ፕሮግራሙ በ2005 ዓ.ም. ሲመዘገብለት፣ ተመዝጋቢው ከቤቱ ዋጋ 40 በመቶውን ቆጥቦ የቀረውን 60 በመቶ ከባንክ እንዲበደር የታቀደ ነበር። በዚያን ጊዜ ስሙን ያስመዘገበው ሕዝብ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ ዕጣው የሚወጣው በኮምፒዩተር ነው።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ25,000 በላይ ለሆኑ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ፣ የከተማው አስተዳደር ዕጣውን ሰረዘው። ምክንያቱም፣ በይፋ እንደ ተገለጸው፣ በቂ ቁጠባ አላቸው ተብለው ከባንክ የተላኩት ሰዎች ወደ 80,000 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ በዕጣው ውስጥ ገብተው የተገኙት ግን ከ170,000 በላይ ነበሩ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ያ የሕግ ሥራ ነው። ነገር ግን የኮምፒዩተር ትምህርት ለምንከታተል ተማሪዎች ጉዳዩ አንድ ጥያቄ አስነሣብን፤ እርሱም «አንድ ስም በአንድ ረዥም መዝገብ ውስጥ መኖሩንና አለመኖሩን በአጭር ጊዜና ያለ ስሕተት ለማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው?» የሚል ነው። ከዚህ ቀጥሎ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ ለመመለስ እንሞክራለን።

፩. ድርድር

በፕሮግራም ቋንቋ ድርድር የሚባለው፣ ብዙ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተው፣ ለእያንዳንዳቸው ግን ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሥፍራ ነው። በአንድ ግንብ ላይ በተርታ የተሠሩ የፖስታ ሣጥኖችን ማሰብ ይጠቅማል። የሣጥኑን ቁጥር ያወቀ ሰው ሌሎቹን ሳይነካ በቀጥታ ያን ሣጥን ይከፍታል። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ «የ500ኛውን ስም አምጣ» ሲሉት፣ ከመጀመሪያው መነሣት ሳያስፈልገው ወዲያው ያመጣል። ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ፓይተንና ጃቫ ጭምር፣ ቁጥሩን የሚጀምሩት ከ0 ነው፤ እኛ ግን ለአንባቢ እንዲቀል ከ1 እንጀምራለን።

እንግዲህ ቁጥሩን አውቆ ስሙን ማግኘት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ተቃራኒውን ስንጠይቅ፣ ማለትም ስሙን አውቀን የተቀመጠበትን ቁጥር ስንፈልግ ነው።

፪. ተራ በተራ መፈለግ

የመጀመሪያው ዘዴ ማንም ሰው ሳይማር የሚያውቀው ነው። በገበያ ውስጥ የጠፋበትን በሬ የሚፈልግ ሰው ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ እያየ እንደሚሄድ፣ ኮምፒዩተሩም ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ የሚፈለገውን እስኪያገኝ ድረስ ያስተያያል። መዝገቡ 80,000 ስሞች ቢኖሩትና የሚፈለገው ስም በመካከላቸው ቢኖር፣ በአማካይ 40,000 ያህል ማስተያየት ይጠይቃል። ስሙ ከሌለ ግን 80,000ውንም ሳያዩ «የለም» ማለት አይቻልም።

ዘዴው ቀላል በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። መዝገቡ አጭር ከሆነ፣ ወይም የሚፈለገው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ከዚህ የሚሻል የለም። ሥርዓት በሌለው መዝገብ ላይም ያለው መንገድ ይኸው ነው። በፓይተን ቋንቋ አንድ ስም በዝርዝር ውስጥ መኖሩን በአንዲት አጭር መስመር መጠየቅ ይቻላል፤ ጀማሪ ተማሪ ግን መስመሯ አጭር ስለ ሆነች ሥራውም አጭር ይመስለዋል። በውስጥ የሚደረገው ይኸው ከዳር እስከ ዳር የመመልከት ሥራ ነው።

፫. በእኩሌታ እየከፈሉ መፈለግ

መዝገቡ በቅደም ተከተል የተደረደረ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «መ» የሚለውን የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ አይነሣም፤ መካከሉን ገልጦ «አልፌዋለሁ» ወይም «አልደረስኩም» ይላል። ይህን በሥርዓት ብናደርገው በእያንዳንዱ እርምጃ የቀረው መዝገብ በእኩሌታ እየቀነሰ ይሄዳል።

ለምሳሌ 15 የምዝገባ ቁጥሮች እንደሚከተለው ተደርድረዋል እንበል፦ 104፣ 117፣ 123፣ 138፣ 151፣ 166፣ 172፣ 189፣ 203፣ 218፣ 227፣ 240፣ 256፣ 271፣ 290። የምንፈልገው 227 ነው። የመካከለኛው የ8ኛው ሥፍራ ቁጥር 189 ነው፤ 227 ከእርሱ ስለሚበልጥ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሁሉ ተጣሉ። ከ9ኛው እስከ 15ኛው ካሉት መካከለኛው 12ኛው፣ 240 ነው፤ ይበልጣልና ከእርሱ ጀምሮ ያሉት ተጣሉ። ከቀሩት ከሦስቱ መካከለኛው 10ኛው፣ 218 ነው፤ ያንሳልና እርሱም ከ9ኛው ጋር ተጣለ። የቀረው 11ኛው ብቻ ነው፤ እርሱም 227 ነው። በአራት እርምጃ ተገኘ። 230ን ብንፈልግ ደግሞ በዚሁ መንገድ 227 ላይ እንደርስና፣ ከዚያ በኋላ የሚታይ ሥፍራ ስለማይቀር «የለም» ብለን በእርግጠኝነት እንናገራለን።

የዚህ ዘዴ ኀይል የሚታየው መዝገቡ ሲረዝም ነው። 2ን 17 ጊዜ በራሱ ብናባዛው 131,072 ይሆናል፤ ስለዚህ ለ80,000 ስሞች ከ17 የበለጠ ማስተያየት አያስፈልግም። ለ1,000,000 ስሞችም 20 ይበቃል። መዝገቡ በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚጨመረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም አጻጻፉ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ዘዴውን በጽሑፍ የጠቀሰው አሜሪካዊው ጆን ሞክሊ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለማንኛውም ርዝመት ያለ ስሕተት የሚሠራ አጻጻፍ በዴሪክ ሌመር የታተመው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆሹዋ ብሎክ የተባለው የፕሮግራም ሊቅ፣ እርሱ ራሱ ለጃቫ ቋንቋ በጻፈው የፍለጋ ፕሮግራም ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ያህል የተደበቀ ስሕተት መኖሩን ገልጦ ጻፈ። ፕሮግራሙ መካከለኛውን ለማግኘት የግራውንና የቀኙን ዳር ቁጥሮች ደምሮ ለ2 ያካፍል ነበር። በጃቫ የተለመደው ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 ሊበልጥ ስለማይችል፣ ድርድሩ እጅግ ሲረዝም ድምሩ ያን አልፎ ወደ ነጌቲቭ ይገለበጣል። መድኀኒቱ በሁለቱ ዳሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለ2 አካፍሎ በግራው ዳር ላይ መጨመር ነው። በፓይተን ሙሉ ቁጥር እንደዚህ ያለ ወሰን ስለሌለው ይህ ስሕተት አይደርስም።

እኛም የራሳችንን ስሕተት ሳንሸሽግ እንነግራለን። በመጀመሪያ በጻፍነው ፕሮግራም፣ የመካከለኛው ቁጥር ከሚፈለገው ሲያንስ የግራውን ዳር መካከለኛው ራሱ ላይ አደረግነው፤ ማድረግ የነበረብን ግን ከመካከለኛው ቀጥሎ ባለው ሥፍራ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ብዙዎቹ ቁጥሮች በትክክል ስለ ተገኙልን ሥራችን የተፈጸመ መሰለን። 290ን በጠየቅነው ጊዜ ግን ኮምፒዩተሩ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። በወረቀት ብንከተለው 8ኛውን፣ 11ኛውን፣ 13ኛውን፣ 14ኛውን አየና፣ ከዚያ ወዲያ 14ኛውን ብቻ ያለ ማቋረጥ ያይ ነበር። በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ሰው በመዝገቡ ውስጥ እያለ ለዘለዓለም አይገኝም ማለት ነው። ከዚህ የተማርነው ፕሮግራምን ስንፈትን የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውንና የሌለውን መጠየቅ ግዴታ መሆኑን ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በአገራችን ሰው የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው፤ መዝገቡም የሚደረደረው እንዲሁ ነው። አንድ ዐይነት ስም ከአንድ ዐይነት የአባት ስም ጋር ያላቸው ብዙ ሰዎች በአንድ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ላይ ደርሶ መቆም አይበቃም፤ የመጀመሪያው ላይ ደርሶ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሁሉንም ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ የመካከለኛው ስም ከሚፈለገው ጋር እኩል ሲሆን እንኳ ሳይቆሙ የቀኙን ዳር ወደ እርሱ አምጥቶ መቀጠል ይገባል። ሁለቱ ዳሮች በተገናኙበት ሥፍራ፣ ስሙ ካለ፣ የመጀመሪያው ይገኛል። በፓይተን ባይሴክት የተባለው ክፍል ይህን አዘጋጅቶ ያቀርባል።

፬. ሥፍራውን ከስሙ ማወቅ

ወደ መርካቶ የሚሄድ ሸማች በርበሬ ሲፈልግ ገበያውን ሁሉ አይዞርም። በርበሬ ተራ አለ፤ ሸማ ተራም አለ፤ ምን አለሽ ተራም አለ። የዕቃው ስም ራሱ ሥፍራውን ይነግረዋል። ሦስተኛው ዘዴ ይህን የመሰለ ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት ሃሽ ይባላል፤ ሐሳቡንም በ1953 እ.ኤ.አ. በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን በጽሑፍ አቅርቦታል።

97 ሣጥኖች ከ0 እስከ 96 ተቆጥረው ተዘጋጅተዋል እንበል። 4,527 የሆነውን የምዝገባ ቁጥር ለ97 ስናካፍል 46 ደርሶ 65 ይተርፋል፤ ስለዚህ 65ኛው ሣጥን ውስጥ እናኖረዋለን። ነገ ያን ቁጥር የሚፈልግ ሰው ይህንኑ ሒሳብ ሠርቶ በቀጥታ ወደዚያው ሣጥን ይሄዳል። ስም ሲሆን ደግሞ ፊደሎቹ በኮምፒዩተር ውስጥ ቁጥር ስላላቸው በእነርሱ ይሰላል። እርግጥ 4,624ም ለ97 ሲካፈል 65 ስለሚተርፈው፣ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ይገናኛሉ፤ በዚያ ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ጥቂቶች ተራ በተራ ማየት ነው። ሣጥኖቹ በቂ ሆነው ስሌቱ በደንብ ከበተናቸው፣ መዝገቡ ምንም ቢረዝም ፍለጋው አንድ ወይም ሁለት ማስተያየት ይሆናል። በፓይተን ስብስብና ዲክሽነሪ የሚባሉት የተሠሩት በዚህ ዘዴ ነው።

ዋጋው ግን አለ። ተጨማሪ የማስታወሻ ሥፍራ ይጠይቃል፤ ቅደም ተከተልንም ያጠፋል። «ከ200 እስከ 250 ያሉትን ቁጥሮች አምጣ» ለሚል ጥያቄ ሃሽ አይረዳም፤ የተደረደረ ድርድር ግን በቀላሉ ይመልሳል።

፭. የፊደላችን ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ለየትኛውም አገር ይሠራል። በአማርኛ ስሞች ላይ ግን የራሳችን የሆነ ችግር አለ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ሲሆኑ በጽሕፈት ይለያያሉ። ለኮምፒዩተሩ ደግሞ ድምፅ የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

እስቲ እንቍጠር። በ«ፀሐይ» የመጀመሪያው ፊደል በ2 መንገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ በጠቅላላው 12 ይሆናል። «ዓለም» በ4 መንገድ ይጻፋል። ስለዚህ «ዓለምፀሐይ» የተባለች አንዲት ሴት በ48 ዐይነት አጻጻፍ ልትመዘገብ ትችላለች። በዚህ ላይ «ገብረ» ተብሎ ሊጻፍ የሚገባው «ገ/»፣ «ወልደ» ደግሞ «ወ/» እየተባለ ያጥራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከጎረቤቶቻችን አንዲት እናት፣ የአባታቸው ስም ኀይሉ የሆነ፣ ቁጠባቸውን ለዓመታት ሳያቋርጡ ከከፈሉ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ስማቸውን ቢያስፈልጉ፣ «እማማ፣ እርስዎ እዚህ የሉም» ተባሉ። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው አብሯቸው ሄዶ «እስቲ በሐመሩ ሐ ሞክሩት» ባለ ጊዜ ስማቸው ተገኘ። ፈላጊው ሠራተኛ አልዋሸም፤ ፕሮግራሙም የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተሳሳተው ጥያቄው የተዘጋጀበት መንገድ ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ጽሕፈት ይያዝ፤ አንደኛው ባለቤቱ እንደ ጻፈው ሳይነካ የሚቀመጥ፣ ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ይሁን። በሁለተኛው ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ሁሉ ወደ አንድ ይመለሳሉ፤ ያጠሩት ስሞች ይዘረዘራሉ፤ ባዶ ቦታዎች ይወገዳሉ። ድርድሩ የሚደረደረውም ሆነ ሃሹ የሚሰላው በዚህ በሁለተኛው ነው። የሚፈለገው ስምም ከመፈለጉ በፊት በዚሁ ወንፊት ማለፍ አለበት፤ አንዱ ተነፍቶ ሌላው ካልተነፋ ጥቅም የለውም።

ሞክሼ ፊደሎች ይቀነሱ ወይስ ይኑሩ በሚለው ላይ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። እኛ በዚያ ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልገንም። ሰው ስሙን እንደ ወደደ ይጻፍ፤ ድካሙን ኮምፒዩተሩ ይሸከም።

፮. የሁለቱ መዝገቦች ሒሳብ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። 80,000 ስሞች ያሉት የባንክ መዝገብና 170,000 ስሞች ያሉት የዕጣ መዝገብ አሉ እንበል። የሁለተኛውን መዝገብ እያንዳንዱን ስም በመጀመሪያው ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ እንፈልጋለን። በሁለተኛው ውስጥ 80,000ው የሚገኙ፣ 90,000ው የማይገኙ ናቸው ብለን እናስላ።

ተራ በተራ ብንፈልግ፣ የሚገኙት በአማካይ 40,000 ማስተያየት ስለሚጠይቁ 3,200,000,000፣ የማይገኙት 80,000 ስለሚጠይቁ 7,200,000,000፣ በድምሩ 10,400,000,000 ማስተያየት ይሆናል። በእኩሌታ ዘዴ ደግሞ የባንኩን መዝገብ ለመደርደር 80,000 በ17 ተባዝቶ 1,360,000 ያህል፣ ለመፈለግ 170,000 በ17 ተባዝቶ 2,890,000፣ በድምሩ 4,250,000 ነው። በሃሽ ብንሠራው 80,000 ማኖርና 170,000 መጠየቅ፣ 250,000 ያህል ሥራ ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የሚፈለገው አንድ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ መደርደር ኪሳራ ነበር። በመዝገቡ ለሌሉ ስሞች ብናስብ፣ የመደርደሩ ድካም የሚካሰው በ18ኛው ፍለጋ ላይ ነው። ስለዚህ ዘዴ ከመምረጥ በፊት «ስንት ጊዜ እፈልጋለሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ በአንድ ሴኮንድ 10,000,000 ማስተያየት ብቻ ይሠራል ብንል እንኳ፣ ከሁሉ የዘገየው ዘዴ የሚፈጀው 18 ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው። የእኩሌታው ዘዴ ከግማሽ ሴኮንድ በታች ይፈጽመዋል። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሁለት መዝገቦችን ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ማስተያየት፣ በደካማ ዘዴም ቢሆን፣ አንድ ስኒ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ እንኳ የሚቆይ ሥራ አይደለም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው፣ ለአጭር መዝገብና ለአንድ ጊዜ ፍለጋ ተራ በተራው፤ ቅደም ተከተል ለሚያስፈልገው ረዥም መዝገብ የእኩሌታው፤ «አለ ወይስ የለም» ለሚል ብቻ ሃሹ ይመረጣል። በሦስቱም ላይ የአማርኛ ስም አስቀድሞ በፊደል ወንፊት ማለፍ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ከሁሉ የፈጠነው ዘዴ የሚያደርገው፣ ያለውን ሰው «የለም» ብሎ በፍጥነት መመለስ ብቻ ነው።

ይህን ጥናት ካዘጋጀን በኋላ የፍለጋውን ፕሮግራም ለጎረቤታችን አሳየናቸው። የአባታቸውን ስም በኀ፣ በሐና በሀ እየጻፍን ሦስት ጊዜ ብንፈልግ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው አንድ መስመር ወጣ። እርሳቸውም ጥቂት ተመልክተው፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ይኸን ማድረግ ምን ገዷቸው ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የበለጠ የሚያውቁ አንባቢዎች ስሕተታችንን እንዲያርሙልንና በጥናታችን ላይ እንዲጨምሩበት በአክብሮት እንለምናለን።